ቦቱ የሚያጠፋው አማርኛ

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን የውይይት ዝግጅት በቴሌግራም ቻናሉ አናት ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ በቦት (በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) ይጠፋል፣ የድምፅ መልእክትም አይስተናገድም ይላል። አዘጋጁ በዚያው ሳምንት ዝግጅቱን ሲከፍት ምክንያቱን ደረደረልን። ተሳዳቢው የሚሸሸገው በላቲን ፊደል ነው፣ ወጣቱ በገዛ ፊደሉ ያፍራል፣ ድሮ ሰው ኢንተርኔት ላይ በወግ በወጉ ይጽፍ ነበር አለ። የተጋበዙት እንግዳም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከማስታወቂያው ሥር ጭብጨባው ቀለጠ፤ ባንዲራ፣ ልብ፣ የሚያጨበጭብ እጅ። ከእነዚህ አንዱም ግዕዝ አልነበረም፤ ቦቱ ግን አልነካቸውም።

ደካማውን ምክንያት ላስቀድም፤ ስድብ በላቲን ይመጣል የተባለውን። ቦት ስድብ አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የእኛ ዋናው ሰፈር ከ4608 እስከ 4991 ነው፤ የላቲን ትልልቆቹ ከ65 እስከ 90፣ ትንንሾቹ ከ97 እስከ 122 ሰፍረዋል። ላቲን አጥፋ የተባለ ቦት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የሚወድቅ ነገር ሲያገኝ መልእክቱን ይሰርዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። እንግዲህ የልጇን መድኃኒት ስም ከብልቃጡ ገልብጣ የጻፈች እናት ትሰረዛለች። የአዋጅ ሊንክ የለጠፈ ጠበቃ ይሰረዛል። የስልክ ሞዴል የጠየቀም ይሰረዛል። ጥርት ባለ ግዕዝ የተጻፈ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ የዘር ስድብ ግን ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቁጥሩ ከ4608 በላይ ነዋ!

የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር እንጨምርበታለን ይሉ ይሆናል። ይጨምሩ። «ፀሐይ» የምትለውን ቃል እንውሰድ፤ ስድብ አይደለችም፣ ለምሳሌ ግን ትበቃለች። መነሻዋ በጸ ወይም በፀ ይጻፋል። መካከሏ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ይጻፋል። ለጆሮ አንድ ድምፅ፣ ለቦቱ 12 ቃል። ከፊቷ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ፣ እንደ፣ ስለ ሲገቡ፣ ከኋላዋ ዋ፣ ዎች፣ ን፣ ም ሲለጠፉ ለአንዲት ቃል ብቻ ዝርዝሩ መቶዎችን ይሻገራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ጣል የሚያደርግ ብልጥ ይመጣል፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ። ለማጣራት ግዕዙ ከላቲኑ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ተሳዳቢ መሸሸጊያ ካማረው ከፊደላችን የተሻለ ጫካ የለም።

ሕጉ እንኳ እንዲህ አልሳተም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣት ሲያከብድ የሚጠይቀው የገጹ ተከታዮች ከ5,000 በላይ ናቸው ወይ፣ ነገሩ በብሮድካስት ተላልፏል ወይ ብሎ ነው። በየትኛው ፊደል ተጻፈ አይልም። ላለፉት ዓመታት አገር ያመሱት ንግግሮች በሰፊው ሕዝብ በሚነበብ ፊደል፣ በግልጽ ፊትና በግልጽ ድምፅ የተሰራጩ ናቸው። ሕዝብ ሊያባላ የተነሣ ሰው ለማንበብ የሚያታክት ጽሑፍ አይመርጥም፤ አንባቢ ይፈልጋላ። ይህን ሁሉ ትቶ «ደና ነኝ» በላቲን የጻፈ ተማሪ ላይ መዝመት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። አማርኛን በላቲን መጻፍ እፍረት አይደለም፤ ያላለቀ ግዕዝ ነው። ቁልፍ በቁልፍ እንየው። በድምፅ የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታችሁ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። ኤስን ስትጫኑ ስ ይወጣል። ኢ ስትጨምሩበት ሰ ይሆናል። ኤል ል ያመጣል፣ ኤ ስትጨምሩ ላ ይሆናል፣ በመጨረሻ ኤም ም ይሆናል። አምስት ቁልፍ። ያ የሚሰረዘው ልጅስ ምን ተጫነ? ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። እነዚያኑ አምስት ቁልፎች፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ልዩነቱ መሃል ላይ ገብቶ የሚለውጥ ሶፍትዌር መኖሩና አለመኖሩ ነው። ፊደል ተቆርቋሪው ሰውዬና ፊደል ከዳ የተባለው ልጅ እኩል ላቲን ይነካሉ፤ አንደኛው ስልኩ ጨረሰለት፣ ሌላው አልጨረሰለትም።

ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ግዕዝ የሚያሳይ ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በተራ የላቲን ፊደል ምንም ሳይጎድል የሚያስቀምጥ ሥርዓት አዘጋጁ። ስሙ ሴራ ይባላል (አትደንግጡ፣ የእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ነው፤ ሲጠሩት ግን ያስቃል)። ትንሹ ቲ ለተ፣ ትልቁ ቲ ለጠ፤ ትንሹ ኤን ለነ፣ ትልቁ ኤን ለኘ፤ ኪው ለቀ፣ ኤክስ ለሸ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ በየትኛውም ማሽን ያልፋል፣ ፎንቱ (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ያለው ሰው ጋ ሲደርስ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንጠቀምባቸው በድምፅ የሚሠሩ ኪቦርዶች አካሄድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማለትም ላቲኑ የፊደሉ ጠላት ሳይሆን ያሻገረው ታንኳ ነበር።

ከዩኒኮድ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው «ድሮ በወጉ ይጻፍ ነበር» ሲባል ከሳቅ በቀር ምን መልስ አለው? ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ሲጀምሩ የሠሩት ዘዴ የላቲን ፊደል በሚቀመጥበት ሥፍራ የግዕዝ ቅርጽ መሳል ነበር። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው ከፍ ቢል 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 300ን ያልፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል ለሁለት፣ ለሦስት የፎንት ፋይል ይከፈል ነበር። ጽሑፉን ፎንቱ ለሌለው ሰው ስትልኩለት የሚያየው የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የአማርኛ ገጾች ጽሑፋቸውን እንደ ፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ይለጥፉ ነበር። ውጤቱን ልብ በሉ፤ አሳታሚው ግዕዝ ያሳያል፣ አንባቢው ግዕዝ ያነባል፣ መልስ መስጠት ሲፈልግ ግን በእጁ ያለው ላቲን ብቻ ነው። ግዕዙ የተናጋሪው ነበር፣ ላቲኑ የመላሹ። አንባቢ ከአንባቢነት ወጥቶ ተሳታፊ የሆነው በዚያ አሁን በተናቀው አጻጻፍ ነው። አማርኛ ኢንተርኔት ላይ መነጋገሪያ የሆነው አሳታሚዎች ፒዲኤፍ ስለለጠፉ አይደለም፤ ከሥሩ የሚከራከር ሰው ስለተገኘ ነው።

ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር 345 ምልክት ይዞ ገባ። ጉዳዩ በዚህ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መስፈርት መውጣቱ አንድ ነገር ነው፣ ፎንቱ በሰው እጅ መግባቱ ሌላ። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ለተራው ተጠቃሚ ያደረሰው ከቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስልኮቹ ከዚያም ዘገዩ። እስከዚያ ድረስ በግዕዝ የጻፋችሁት መልእክት ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው እንደ ባዶ ሳጥን ድርድር ነበር። ኪቦርዱ ያለው ሰው እንኳ በላቲን ይጽፍ የነበረው ለዚህ ነው። የሚጽፈው ለሚያነበው ስልክ ነዋ! ፊደሉን ስለጠላ አይደለም፤ ወዳጁ ሳጥን እንዳይቆጥር ብሎ ነው።

ሒሳቡም አለ፤ ሰው ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። አንድ የሞባይል አጭር መልእክት በላቲን ከሆነ 160 ምልክት ይይዛል። ከመካከሉ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባች መላው መልእክት ወደ ሌላ አቀማመጥ ይዞርና 70 ብቻ ይይዛል። ከበዛ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል በላቲን 153፣ በግዕዝ 67 ይሆናል፣ በየክፍሉም ይከፈልበታል። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ» የሚለው ከነክፍት ቦታው 28 ምልክት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 45 ያህል። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ስለሚይዝ በቁጥር ያጥራል። ይህም ሆኖ 70ን ለ28 ብናካፍል ሁለት ተኩል፣ 160ን ለ45 ብናካፍል ሦስት ተኩል ነው። በአንድ መልእክት ዋጋ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። አጭር መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ ዋዜማ ከቆየ በኋላ ሲከፈት፣ ሕዝቡ የበዓል ምኞቱን በላቲን ያጎረፈው በፊደሉ አፍሮ ሳይሆን ሳንቲሙን ቆጥሮ ነው። ጣት አንዴ የለመደውን ደግሞ ቶሎ አይረሳም፤ ያ ልማድ ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም፣ ከዚያም ወደ ቲክቶክ ኮሜንት ተሻገረ።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) ነው፤ ስለ እርሱ የሚያነሣ ሰው ግን አላየሁም። የአንድ ጽሑፍ ገደብ ለሁሉም 140 ምልክት በነበረበት ጊዜ ግዕዝ ባለጸጋ ነበር። ያቺ የትንሣኤ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ያህል ትገባለች፣ በላቲን ሦስት ጊዜ ብቻ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ገደቡ ወደ 280 ሲያድግ ኩባንያው ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ አይጨመርም አለ፤ በአንድ ምልክት ብዙ ይላሉና። ጥሩ። ግን ወሰኑን ያሰመረው እንዴት ነው? ቁጥራቸው ከ0 እስከ 4351 የሆኑ ምልክቶች እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከጥቂት ሥርዓተ ነጥብ በቀር እንደ ሁለት ይቆጠር ብሎ ነው። 4352 ላይ የኮሪያ ፊደል ቁርጥራጮች ይጀምራሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ 4608 ላይ እኛ አለን። ማንም ስለ አማርኛ አልመከረም፤ የሠንጠረዥ ጎረቤት ስለሆንን ብቻ ከኮሪያ ጋር ተቆረጥን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በግዕዝ የሚጽፍ 140፣ በላቲን የሚጽፍ 280 ሆነ። ያው አማርኛ፣ ያው ሰው፣ ለፊደሉ በታመነ ቁጥር በግማሽ ይቀነስበታል። ስለ ፊደል የሚያለቅስ ካለ እዚህ ያልቅስ! ኩባንያው ይጠየቅ፣ ደብዳቤ ይጻፍለት። አዘጋጃችን ግን በአቅሙ ልክ ጠላት ፈለገና የ19 ዓመት ልጅ አገኘ።

በድሮው ጨዋነት ላይ ብዙ አልቆይም። በወጉ፣ በግዕዝ፣ ምንጭ እየጠቀሱ የጻፉትን ጦማርያን አገሪቱ እንዴት እንዳስተናገደቻቸው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማርያን ስብስብ ስድስት አባላትና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። «ጦማር» የሚለውን ቃል ከብራና አውጥተው ለኢንተርኔት ጽሑፍ ያለበሱት የዚያ ትውልድ ልጆች ናቸው። የዛሬው ወጣት ረጅም ጽሑፍ ትቶ ወደ አጭር ኮሜንትና ወደ ድምፅ የሄደው ስለሰነፈ ነው የሚሉ ሰዎች ያንን ዘመን ወይ አልኖሩትም ወይ ረስተውታል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ያደናግራል። በተራ አጻጻፍ ተና ጠ ሁለቱም በቲ ስለሚጻፉ «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መታ» አንድ ይሆናሉ፤ እንግዳ ልትቀበል ነው ወይስ ልትገላግል፣ ከዐውዱ ካልሆነ አይታወቅም። ፍለጋ ላይም አይገኝም፤ አንዱን ቃል ሁሉም በየፊናው ይጽፈዋልና። ግን ፊደላችንም እንከን አልባ አይደለም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ በላተኛው ነው ወይስ የሚበላው? «አለ» ሲባል ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው ነገር? ግዕዙ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በላቲን የሚጽፈው ልጅ ግን ሲጠብቅበት ፊደሏን ሁለት ጊዜ ሊጽፋት ይችላል፤ ማንም ሳያስተምረው የዘመናት ጉድለት በሁለት ቁልፍ ሞላ። ነውር ከሆነ፣ ነውሩ በደንብ የታሰበበት ነው።

ማፈር የሚባለውንም በዚሁ ልጨርሰው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም እስራኤል ናታንያ ያደገ፣ ከእናቱ ጋር በአማርኛ የሚጣላ፣ በአማርኛ የሚታረቅ፣ ፊደል ግን ተቀምጦ ያስቆጠረው ሰው ያላገኘ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ዝግጅቱን አይቶ ሲጽፍ በላቲን ነው የሚጽፈው፤ ሌላ የሚጽፍበት የለውም። ቦቱ ይህን ልጅ ከአማርኛ ጋር ያገናኘውን የመጨረሻ ክር ቆርጦ «ፊደልህን ተማር» ሊለው ነው። ይማራል ወይስ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ወደሚያወራበት ይሄዳል? የዝግጅቱ ባለቤቶች ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ያቀረቡት አይመስልም።

የድምፅ መልእክት ክልከላው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የምትጽፍበት ጊዜም፣ አንዳንዴም ትምህርቱ፣ የላትም። ያላት እጇ ሳሙና እየነካው ማይክራፎኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ የምትቆልፍባት ቅጽበት ናት። ከቤተሰቧ ጋር በኢሞ የምትኖረው በድምፅ ነው። ድምፅ የተማረውንና ያልተማረውን እኩል ያናግራል፤ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የመንዙን ለዛ ሳይነጭ ያመጣል። የኢንተርኔት አማርኛ በጋዜጣ አማርኛ ብቻ ታንቆ የቆየው ለዚህ መንገድ ስላልነበረው ነው። በእርግጥ ድምፅ ለማጣራት ያደክማል። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ 200 መልእክት ለመስማት ከሦስት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በእጥፍ ፍጥነት ካዳመጡት ግን ወደ 100 ደቂቃ ይወርዳል፤ የአንድ ተለማማጅ ከሰዓት በፊት ሥራ ነው። ጎርፉ ከበዛ ቴሌግራም ራሱ መልእክት ማዘግያ አለው። የቡድኑ አስተዳዳሪ አንድ ሰው በ10 ሴኮንድ፣ በ5 ደቂቃ ወይም በ1 ሰዓት አንዴ ብቻ እንዲልክ ይወስናል። ተሳዳቢን የሚያደክመው ይህ ነው፤ እየፈጠነ ነውና የሚሳደበው።

ፊደሉን መውደድ እንዲህ ነው ብዬ ላስተምራቸው አልፈልግም፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። በማጥፊያው ማስታወቂያ ፋንታ አራት መስመር ይለጠፍ። በአንድሮይድ የጂቦርድን ማስተካከያ ክፈቱ፤ ቋንቋዎች የሚለውን ንኩ፤ ኪቦርድ ጨምር በሉና አማርኛን ምረጡ፤ መጻፍ ሲጀመር ክፍት ቦታ የሚሰጠውን ረጅም ቁልፍ ተጭኖ በመቆየት ቋንቋ ይቀየራል። መጻፍ የሚያታክተው ሰው ማይክራፎኑን ነክቶ ይናገር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ወዲህ አማርኛ ሲናገሩት ይጽፋል። ስሕተት አለበት፣ በተለይ ስም ላይ፤ ግን ይታረማል። አይፎን ላይ ከሌላ አምራች ኪቦርድ የሚጭን ሰው ሙሉ ፈቃድ ሲጠየቅ ይጠንቀቅ፤ ፈቃዱ የሚጻፈው ሁሉ ወደ አምራቹ እንዲሄድ በር ሊከፍት ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርቶ ይተወዋል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ሰው በስቱዲዮው ቢቀመጥ ከእንግዳው ራስ መነቅነቅ ይልቅ ፊደሉን ይጠቅም ነበር።

ለነገሩ ማስታወቂያውን ደጋግሜ አየሁት። አራት ነጥብ የለበትም። ዓረፍተ ነገሮቹ የሚያልቁት የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነው፣ እንዲህ :: ተብሎ። ፊደል አክባሪው «ሕዝብ»ን አንድ ቦታ በህ፣ ሌላ ቦታ በሕ ጽፎታል። ከሥሩ ደግሞ የቻናሉ አድራሻ አለ፤ በላቲን። ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ቴሌግራም ዩዘርኔም የሚቀበለው ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከታች ሰረዝ ብቻ የተሠራ ነው። አዘጋጁም በየሳምንቱ ያንን አድራሻ በአየር ላይ ፊደል በፊደል ያነብልናል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ። ቦቱም ቢሆን ስሙ በላቲን ቢ፣ ኦ፣ ቲ ካላለቀ አይመዘገብም።